«ወባማ አካባቢ» ማለት ምን ማለት ነው?

በአቃቂና በሰበታ ዳርቻ ማታ ቢምቢ በጮኸ ቁጥር ብዙ ሰው ወባ የመጣ ይመስለዋል፤ ሆኖም «ወባማ አካባቢ» የሚለው ቃል የቢምቢን መኖር ሳይሆን የበሽታውን መተላለፍ የሚመለከት ሲሆን፣ በአገራችን በተለምዶ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው ከ2000 ሜትር በታች የሆነውን ምድር ያመለክታል። ምክንያቱ ሙቀት ነው፦ ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛው የወባ ተውሳክ በቢምቢዋ አካል ውስጥ ለመጎልመስ ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ስለሚፈልግ፣ ብርድ ባለበት ቦታ ተውሳኩ ሳይጎለምስ የቢምቢዋ ዕድሜ ያልቃል። (የ2000 ሜትሩ መስመር ግን አጥር አይደለም፤ ሞቃት ዓመት ሽቅብ ሊገፋው ይችላል።) ወቅቱም ያሳስታል። የሐምሌ ዶፍ የቢምቢ እጮችን ጠርጎ ይወስዳል፤ ዋናው የመተላለፊያ ጊዜ ዝናቡ አባርቶ ውኃው በየጉድጓዱ ሲተኛ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ቢይዘው፣ ቤቱ ደጋ ነው ተብሎ የደም ምርመራው ሊቀርበት አይገባም።