ስለ ሳይትማፕ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሳይትማፕ የአንድን ድረ ገጽ አድራሻዎች ዘርዝሮ ለጎግል፣ ለቢንግና ለመሰሎቻቸው የሚያቀርብ የኤክስኤምኤል ፋይል ነው። ጎግል በ2005 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ በ2006 ያሁና ማይክሮሶፍት ተቀብለውት የጋራ ደንብ ሆነ። ብዙ የድረ ገጽ ባለቤቶች ከዚህ ፋይል የማይሰጠውን ይጠብቃሉ፤ የሚሰጠውን ጥቅም ደግሞ ሳያውቁ ያበላሹታል።

«ሳይትማፕ ካስገባሁ ገጾቼ በሙሉ ጎግል ላይ ይወጣሉ»

ሳይትማፕ ጥቆማ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ሰርች ኮንሶል (ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ያዘጋጀው መከታተያ) ላይ ከፋይሉ ጎን «ተሳክቷል» የሚል ቢታይም፣ ፋይሉ ያለ ስህተት ተነቧል ማለት ብቻ ነው። ገጾቹ የደረሱበትን ለማየት የገጾች ሪፖርቱን ከፍተው ከላይ ባለው ማጣሪያ ሳይትማፑን ይምረጡ። ኢንዴክስ ጎግል በፍለጋ የሚያወጣቸው ገጾች መዝገብ ነው፤ «ተገኝቷል፣ ኢንዴክስ አልተደረገም» ካለ ጎግል አድራሻውን አውቆ ገና አልጎበኘውም። «ተጎብኝቷል፣ ኢንዴክስ አልተደረገም» ካለ ግን አይቶ ትቶታል፤ ያኔ ሳይትማፑን ደጋግሞ ማስገባት ምንም አይለውጥም፣ መታየት ያለበት ገጹ ራሱ ነው።

«ፕራዮሪቲውን 1.0 ካደረግሁት ገጼ ከፊት ይመጣል»

ፋይሉ ውስጥ ፕራዮሪቲ የገጹን ቅድሚያ፣ ቼንጅፍሪክ ደግሞ ገጹ በየስንት ጊዜው እንደሚለወጥ ይገልጻል፤ ጎግል ግን ሁለቱንም ጨርሶ አይመለከትም። የሚመለከተው ላስትሞድን፣ ማለትም ገጹ መጨረሻ የተሻሻለበትን ቀን ነው፤ እሱንም እውነተኛ ሆኖ ሲያገኘው ብቻ። ፋይሉ በተፈጠረ ቁጥር የሁሉም ገጽ ቀን «ዛሬ» የሚሆን ከሆነ ጎግል ቀኑን ማመን ያቆማል። ቀኑ ዓመት-ወር-ቀን ሆኖ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መጻፍ አለበት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሾልኮ ከገባ ዛሬ የታደሰው ገጽ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት አሮጌ ይመስላል። ይባስ ብሎ ጥቅምት 30 «02-30» ስለሚሆን፣ ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ስለሆነች፣ ቀኑ ልክ ያልሆነ ተብሎ ስህተት ይመዘገባል። የቀን መቀየሪያ ፕለጊን (ተጨማሪ ሶፍትዌር) የሚጠቀሙ የአማርኛ ድረ ገጾች ይህን በተለይ ሊፈትሹ ይገባል።

«በአማርኛ ፊደል የተጻፈ አድራሻ ሳይትማፕ ውስጥ አይሠራም»

ይሠራል። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 (የግእዝን ፊደል በሚያካትት የጽሑፍ ኮድ) ይቀመጥ፤ አድራሻው ደግሞ በፐርሰንት ኮድ፣ ማለትም እያንዳንዱ ባይት በ% እና በሁለት ምልክቶች ተተክቶ ይጻፍ። አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ በኮድ ሲጻፍ 9 ምልክት ይፈጃል። የድረ ገጽ መሥሪያው ዎርድፕረስ ለአንድ ጽሑፍ የአድራሻ ስም የሚፈቅደው 200 ምልክት ነው፤ በዚህ ስሌት ከ22 ፊደል በላይ አይገባም። ረጅም የአማርኛ ርዕስ አድራሻ ላይ ሲደርስ መሀል ቃል ላይ የሚቆረጠው ለዚህ ነው። ጽሑፉን ከማውጣትዎ በፊት ስሙን በእጅ ያሳጥሩት፤ ከወጣ በኋላ ከቀየሩት ግን ከአሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ በ301 (በቋሚ ማስተላለፊያ ኮድ) ያስተላልፉ።

«ያለኝን አድራሻ ሁሉ መክተት ነው»

የሚገባው ሲከፈት 200 (ገጹ በትክክል ተገኝቷል የሚል የሰርቨር መልስ) የሚመልስና ዋናው ቅጂ የሆነ አድራሻ ብቻ ነው። ኖኢንዴክስ የተደረገ (ኢንዴክስ እንዳይደረግ ትእዛዝ የተጻፈበት)፣ ወደ ሌላ የሚያስተላልፍ ወይም 404 («አልተገኘም») የሚመልስ ገጽ ይውጣ። በአንድ ፋይል ከ50,000 አድራሻ፣ ወይም ሳይታመቅ ከ50 ሜጋባይት ማለፍ አይቻልም። ካለፈ ከፋፍሎ በአንድ የሳይትማፕ ኢንዴክስ ፋይል ስር ማሰባሰብ ነው።

«ከሳይትማፕ ካወጣሁት ከጎግልም ይጠፋል»

አይጠፋም። ገጹ 404 ወይም 410 («ለዘለቄታው ተወግዷል») እንዲመልስ አለዚያም ኖኢንዴክስ ይደረግ። ኖኢንዴክስ ያደረጉትን ገጽ በሮቦትስ ፋይል (የፍለጋ ሮቦቶች የት መግባት እንደሌለባቸው በሚነግረው robots.txt) አይዝጉት፤ ጎግል መግባት ከተከለከለ ትእዛዙን ሊያነበው አይችልም።

«አዲስ ጽሑፍ ባወጣሁ ቁጥር ጎግልን ፒንግ ማድረግ አለብኝ»

ፒንግ ማለት ሳይትማፑ መታደሱን ለጎግል በመልእክት ማሳወቅ ነው፤ ጎግል ይህን መንገድ በ2023 ዘግቶታል። ሮቦትስ ፋይሉ ውስጥ የሳይትማፑን ሙሉ አድራሻ ከኤችቲቲፒኤስ ጀምሮ በአንድ መስመር ይጻፉ፤ ሰርች ኮንሶል ላይም አንድ ጊዜ ያስገቡት። ከዚያ በኋላ ጎግል በራሱ ጊዜ እየተመለሰ ያነበዋል።