የፊት ፓራውልትና መጎተቻው፦ ከሀዋሳ ወጥቶ ጭቃ ለሚገባ መኪና

በጋራዥ ቋንቋ የመኪና ፊት መከላከያ ፓራውልት ይባላል። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ግጭት ተከላካይ እንደማለት ነው። ካምቢዮና ፍሪሲዮን የመጡበትን መንገድ ነው የመጣው። የዛሬ መኪኖች ፓራውልት ከፋብሪካ ሲወጣ በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ከጀርባው ግጭት ሲመጣ እንዲጨማደድ የተሠራ ብረት አለው። ለአስፋልት ይህ ይበቃል። ገጠር ለገጠር የሚሄድ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ያስወጣውና በወፍራም ብረት ይቀይረዋል። ሲገዛ ቅርጹን ያያል፣ ቀለሙን ያያል፣ መብራት ስንት እንደሚይዝ ይጠይቃል። መኪናው ሲሰጥም ገመድ የሚታሰርበት መጎተቻው ከምን ጋር እንደታሰረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሰው የሚጎዳው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋች ሜዳማ ከተማ ናት። ከተማው ውስጥ ባጃጅና ብስክሌት ያለ ችግር ይሄዳል። ነገሩ የሚቀየረው ከከተማው ሲወጡ ነው። በአለታ ወንዶ በኩል ወደ ሀገረ ሰላም ሲወጡ ከፍታው ከ2,500 ሜትር ያልፋል። በበንሳ፣ በአሮሬሳና በጭሬ በኩል ያለው የቡና አገር ነው። አፈሩ ቀይ ነው። ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይቦናል፣ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለል ሲወርዱ ደግሞ አሸዋና ልል አፈር አለ፤ እሱም ጎማ ይውጣል። በልጉ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል፣ ክረምቱ ይከተላል። ቡና ለመግዛት የሚወጣ ነጋዴ፣ የጤና ባለሙያዎችን የሚያመላልስ መኪና፣ ቱሪስት ይዞ ወደ ኦሞ የሚወርድ ሾፌር፣ ሁሉም አንድ ቀን ጭቃ ይይዛቸዋል። መኪናቸው በአብዛኛው የቶዮታ ሃይሉክስ ወይም ላንድክሩዘር ነው። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚመረተው ባለ 70ው ላንድክሩዘር ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ሥራ ይወደዳል።

አንድ ግንቦት በንሳ ውስጥ ካለችው ዳዬ ስንመለስ ከፊታችን የነበረ ፒካፕ ቦይ ውስጥ ገባ። የፊቱ ፓራውልት ግዙፍ ነበር፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከስሩ ሁለት ቀይ መንጠቆ ያለው። አንድ አይሱዙ ቆመለትና የብረት ካቦ አሰሩ። የአይሱዙው ሾፌር ካቦውን አላልቶ ተንደርድሮ ሳበ። ጧ የሚል ድምፅ ሰማን። መንጠቆው ከነካቦው በአየር ላይ ሄዶ የአይሱዙውን የኋላ ካሶኒ ሰነጠቀው። እዚያ ጋ ከደቂቃ በፊት ሦስት ልጆች ቆመው ነበር። እግዜር አውጥቷቸው ነው። መንጠቆውን አንስቼ አየሁት። የላሜራ ቅርፊት ይዞ ነው የተነቀለው፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ። ላሜራው 2 ሚሊ አይሞላም። ብየዳው ከላይ ለዓይን ወፍራም ነበር፤ ከስሩ ግን ዝገት አለ፣ ማለትም ብረት ለብረት አልተዋሃደም።

የተበጠሰው መንጠቆው ራሱ አልነበረም፤ እሱ የተበየደበት ቆርቆሮ ነው። የመኪና ክብደት ያለው ሻንሲው፣ ማለትም የመኪናው የብረት አጽም፣ ላይ ነው። ጎታቹ የሚስበው ኃይል ከገመዱ ወደ ሻክሉ (በፒን የሚዘጋው ቀስት መሰል የብረት ማያያዣ)፣ ከሻክሉ ወደ መጎተቻው፣ ከመጎተቻው ወደ ሻንሲው መድረስ አለበት። መሃል ላይ አንድ ቀጭን ነገር ከገባ ሁሉም እዚያ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ፓራውልት ሲገዛ የመጀመሪያው ሥራ መሬት ላይ ተኝቶ ከስር ማየት ነው። መጎተቻው ከፊት ለፊቱ ላሜራ ጀምሮ እዚያው ካለቀ ጌጥ ነው። ወፍራም ብረት ሆኖ ላሜራውን በስቶ ወደ ኋላ ካለፈ፣ ከኋላ ካለው ማሰሪያ ጋር በሁለቱም ወገን ከተበየደ፣ ማሰሪያው ደግሞ በብሎን በቀጥታ ሻንሲው ላይ ከታሰረ መጎተቻ ነው። አንዳንድ ጥሩ ፓራውልቶች ጭራሽ መጎተቻ የላቸውም፤ ቀዳዳ ብቻ ትተው ለብቻው ሻንሲው ላይ የሚታሰር መጎተቻ ያሳልፋሉ። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ። ፓራውልቱ የራሱን ሥራ ይሠራል፣ መጎተቻውም የራሱን።

ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር ከፋብሪካ የመጣው ቀለበት ነው። በብዙ መኪና ስር ቀጭን የብረት ቀለበት አለ። ብዙ ጊዜ መኪናው በመርከብ ወይም በሎቤድ ሲጓጓዝ እንዳይንቀሳቀስ ማሰሪያ ነው። የቆመን መኪና ወደ ታች ወጥሮ መያዝና የሰጠመን መኪና በሩጫ መንጠቅ አንድ አይደለም። የመኪናውን መጽሐፍ ማየት ነው፤ መጎተቻ ከሆነ መጎተቻ ይላል። ከኋላ ደግሞ ተሳቢ የሚታሰርበት ክብ ኳስ አለ። እሱ ላይ ገመድ አስሮ መንጠቅ በፍጹም መደረግ የለበትም። ኳሱ ከአንገቱ ተቆርጦ እንደ ጥይት የሚሄድ ነው፤ በሌሎች አገሮች ሰው ገድሏል።

ኃይሉ ምን ያህል እንደሚሆን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 3 ቶን የሚመዝን መኪና በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሄደ ገመዱ ይይዘዋል እንበል። ገመዱ የሚለጠጥ ናይለን ከሆነና 2 ሜትር ያህል ተለጥጦ ካቆመው፣ ኃይሉ በስሌት በአማካይ 6 ኩንታል ገደማ ነው። የብረት ካቦ ወይም ሰንሰለት ሆኖ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቀጥ ካደረገው ግን 120 ኩንታል ገደማ ይሆናል። መኪናው ያው ነው፣ ፍጥነቱም ያው ነው። ፍጥነቱ ወደ 20 ሲወጣ ደግሞ ጉልበቱ እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። የአይሱዙው ሾፌር ያደረገው ይህንን ነው፤ ካቦውን አላልቶ መንደርደር። በብረት ካቦ የሚጎትት ሰው ካቦው እስኪወጠር ቀስ ብሎ መሄድ፣ ከተወጠረ በኋላ ነው መሳብ ያለበት። መንጠቅ ካስፈለገ ለዚያ የተሠራ የሚለጠጥ ገመድ አለ። የዚህ ገመድ የመበጠሻ አቅም ከሁለቱ መኪኖች ቀለል ያለው ከነጭነቱ ከሚመዝነው ከ2 እስከ 3 እጥፍ እንዲሆን ይመከራል። ከዚያ በላይ ከወፈረ በደንብ አይለጠጥም፣ ወደ ሰንሰለት ይጠጋል።

ብሎኑም የራሱ ወሬ አለው። ጥሩ ብሎን ጭንቅላቱ ላይ ቁጥር አለ። 8.8 የተጻፈበት በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ያህል፣ 10.9 የተጻፈበት 1,000 ያህል ይችላል። ምንም ቁጥር የሌለው ለአጥር ነው የሚሆነው። በያጅ ቤት ፓራውልት የሚያሠራ ሰው ብሎኑን ራሱ ገዝቶ ቢሄድ ጥሩ ነው። ሀዋሳ ውስጥ ጎበዝ በያጆች አሉ፤ ባለ 4 ሚሊ ላሜራ አጥፈው፣ ቆርጠው፣ ከውጭ ከሚመጣው የማይተናነስ ፓራውልት ያወጣሉ። አንዱ ጋ ሄጄ ሲሠራ አይቻለሁ። መጎተቻውን ባለ 20 ሚሊ ብረት ቆረጠና ጠርዙን በግራይንደር እንደ ጣሪያ አሾለው። ለምን ብዬ ጠየቅሁት። «ካልሾለ ብየዳው ላዩን ብቻ ይልሰዋል፣ ሆዱ ድረስ አይገባም» አለኝ። ከዚያ ባትሪውን አስነቀለ፤ ሲበየድ የመኪናውን ኮምፒውተር እንዳያቃጥል ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ የጠየቀውን መክፈል ነው። መንጠቆ በፌሮ ብረት አጥፎ «ይችላል፣ አታስብ» የሚል ሲገኝ ደግሞ አመስግኖ መውጣት።

መጎተቻው ሁለት መሆን አለበት፣ በሁለቱ የሻንሲ ክንዶች ትይዩ። አንድ ብቻ ከሆነ ሻንሲው በአንድ ወገን ይጎተታል። ሁለቱን በአንድ አጭር ገመድ አገናኝቶ ከመሃሉ መሳብ ጭነቱን ያካፍላል። ግን ገመዱ በጣም አጭር መሆን የለበትም። በገመዱ ሁለት ወገኖች መካከል ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ሲሆን እያንዳንዱ መጎተቻ ከጠቅላላው 58 በመቶ ያህል ይሸከማል። 120 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ ሙሉውን ይሸከማል፣ ማካፈሉ ቀረ ማለት ነው።

ሻክል ላይ የሥራ ጭነቱ ተቀርጾ ይገኛል። ለፒካፕና ለላንድክሩዘር የተለመደው 4.75 ቶን የሚለው ነው፤ ቀስቱ 19፣ ፒኑ 22 ሚሊ ነው። ጽሑፍ የሌለው ሻክል ምን እንደሚችል ማንም አያውቅም። ሻክል ቀጥታ ሲሳብ ነው ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው። በ45 ዲግሪ ወደ ጎን ሲሳብ ወደ 70 በመቶ፣ በ90 ዲግሪ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ፒኑ በእጅ እስከ መጨረሻ ይጠብቅና ሩብ ዙር ያህል ይላላል፤ ካልሆነ ከሳበ በኋላ በመፍቻም አይፈታም።

ብረት ከባድ ነው። የብረት ፓራውልት ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል። ዊንች፣ ማለትም ገመድ በሞተር እየጠቀለለ መኪናውን የሚስብ መሣሪያ፣ ሲጨመርበት ሌላ ከ25 እስከ 40 ኪሎ ነው። ይህ ሁሉ ከፊት እግር ቀድሞ ስለሚንጠለጠል የፊቱ ሞላ ወይም ባሌስትራ ይጎብጣል፣ መብራቱ መንገዱ ላይ ይደፋል፣ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ይወርዳል። ሞላውን አብሮ መቀየር ወጪ ነው፣ ግን የፓራውልቱ ዋጋ አካል አድርጎ ማሰብ ይሻላል። ራዲያተሩ ፊት መብራት መደርደርም ልክ አይደለም። ወደ ሀገረ ሰላም ዳገት በ2ኛ ማርሽ ሲወጣ ነፋስ ያስፈልገዋል። የአሉሚኒየም ፓራውልት ይቀላል፣ ግን ገጠር ውስጥ ከተሰነጠቀ የሚበይደው አይገኝም።

ኤርባግ ያለው መኪና ላይ ጥንቃቄው ይጨምራል። የግጭት ሴንሰሮቹ ኤርባጉ መቼ እንደሚፈነዳ የሚወስኑት ከመኪናው ፊት የሚመጣውን ምት ለክተው ነው። ከፓራውልቱ ጀርባ ያሉት ተጨማዳጅ ብረቶች ተቆርጠው በድፍን ብረት ከተተኩ ምቱ ይቀየራል፤ ድንጋጤውም ወደ ተሳፋሪው ያልፋል። ለዚያ ሞዴል ተብሎ የተሞከረ ፓራውልት ካልሆነ ኤርባግ ያለው መኪና ላይ ባይገባ ይሻላል። እነዚህ ፓራውልቶች በስፋት የዳበሩት አውስትራሊያ ውስጥ ነው፤ በሌሊት መንገድ የሚዘል ካንጋሮ ስላለ። እኛ ጋ አህያና ከብት ነው፣ ሌሊት ደግሞ ጅብ። ግን ሀዋሳ ውስጥ ከመኪናው ፊት የሚገኘው በአብዛኛው ብስክሌት የሚነዳ ተማሪ ወይም ባጃጅ ነው። ሹል ጠርዝ ያለው፣ ቧንቧው እስከ ኮፈኑ የሚደርስ ቡልባር ሰው ሲመታ ከፕላስቲኩ በላይ ይጎዳል። ጠርዙ የተጠጋጋና ዝቅ ያለ ፓራውልት እያለ ያንን መምረጥ ተገቢ አይመስለኝም።

ዊንች የሚያስገጥም ሰው የመኪናውን ሙሉ ጭነት በ1.5 አባዝቶ ይግዛ። 3 ቶን ለሚመዝን 4.5 ቶን ማለት ነው። የተጻፈው አቅም ከበሮው ላይ የመጀመሪያው የገመድ ንብርብር ብቻ ሲቀር ያለው ነው፤ ገመዱ በተደራረበ ቁጥር ይቀንሳል። በፑሊ አዙሮ መሳብ ጉልበቱን ወደ እጥፍ ያደርሰዋል፣ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሰዋል።

የእኛ አገር ትልቁ አደጋ ግን ሰዉ ነው። መኪና ሲሰጥም ሰፈሩ ሁሉ ይወጣል። ደግነት ነው፤ ድንጋይ የሚያመጣ አለ፣ ቅጠል የሚያነጥፍ አለ፣ ሕፃናት ደግሞ ለማየት ይጠጋሉ። ገመድ ከተወጠረ በኋላ ግን ማንም አጠገቡ መቆም የለበትም። የገመዱን ርዝመት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል መራቅ ነው። ገመዱን ተሻግሮ ማለፍም አይቻልም። ልጆቹን የሚያርቅ አንድ ትልቅ ሰው መለመን ያስፈልጋል፤ «አባባ፣ እባክዎ ልጆቹን ወደዚያ ይበሉልን» ከተባሉ እምቢ የሚሉ ሽማግሌ አላጋጠመኝም። ገመዱ መሃል ላይ ከባድ ጋቢ ወይም ጆንያ ጣል ማድረግ ቢበጠስ ምቱን ያበርደዋል።

ከጭቃ ከወጡ በኋላ ፓራውልቱ ይታጠባል፣ ለቁንጅና ሳይሆን ብየዳው እንዲታይ። በመጎተቻው ዙሪያ ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካለ፣ ወይም ከመስመሩ ቀይ ዝገት የሚያነባ ከሆነ፣ ቀለሙን ፍቆ ማየት ነው። ስንጥቁ ብረቱ ላይ ከሆነ በላዩ መበየድ ይሸፍነዋል እንጂ አይመልሰውም። ያ መጎተቻ ተቆርጦ ወጥቶ በአዲስ እስኪተካ ድረስ ማንም ገመድ እንዳያስርበት ሻክሉን ፈትቶ ጋቢና ውስጥ ማስቀመጥ ነው።