«ጉልበትዎን ያሳርፉት» የምትሉ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ጅማ። በጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ፣ ማለትም በመገጣጠሚያው መበላት፣ የሚሰቃይ ሰው ከሚያመጣልኝ ቤተሰብ የማልሰማው ተረት የለም።

«ሪህ ነው፣ ሥጋ ይተው።» ሪህ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። «የጅማ ዝናብ ያመጣው ነው።» ብርድ ሕመሙን ያባብሰው ይሆናል እንጂ መገጣጠሚያ አይበላም። «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል?» የ80 ዓመት ሰው ጡንቻም ካሠሩት ይጠነክራል።

የሚያናድደኝ ግን «ያሳርፉት» የሚለው ነው።

ሄርማታ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ቡና የሚቆሉት በባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ልጆቻቸው በርጩማውን ደበቁት። ምግብ ሶፋ ድረስ ይመጣላቸዋል። አምስት ደቂቃ የማያስኬደው ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ ሆነ። ከሦስት ወር በኋላ በልጃቸው ተደግፈው መጡ። «ጉልበቴ ከዳኝ» አሉኝ።

ጉልበት የምንለው መገጣጠሚያውንም አቅሙንም ነው። እሳቸውን የከዳቸው አቅሙ ነው። ጭናቸውን በሜትር ለካሁት፤ የታመመው ከጤነኛው ቀጥኗል። ጉልበት ሲያም ወይም ሲያብጥ የፊት ጭን ጡንቻ በደንብ መሥራቱን ያቆማል። ሰው ደግሞ እግሩን ይሰስታል። ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ጫናው መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል፣ ሕመሙ ይብሳል። ከዚያ ልጆች «በሉ ይረፉ» ይላሉ!

«ቅባቱ አልቋል፣ ሲራመዱ ይፋቃል» ይሉኛል ደግሞ። በአጥንቶቹ ጫፍ ያለው ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ጫን ለቀቅ ሲደረግ፣ በዙሪያው ካለው ፈሳሽ ነው። እርምጃ ቀለቡ ነው በሉት።

ያደረግነው ቀላል ነው። ወንበር ላይ ትራስ ደርበን ከፍ አደረግነው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው 5 ጊዜ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፤ አረፍ ብለው ይደግሙታል። ሲለምዱት ትራሱን መቀነስ። ማታ ተኝተው የተጠቀለለ ፎጣ ጉልበታቸው ሥር አድርገው፣ ወደ ታች ተጭነው እስከ 5 መቁጠር። ትንሽ ቢያምም በማግስቱ ከተወ ይቀጥሉ፤ ካበጠ ይቀንሱ። ከዘራ ደግሞ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒው እጅ ነው፤ ይሄን ስንቴ እንዳረምኩ! ጉልበቱ ድንገት ከጋለ፣ ካበጠና ትኩሳት ካለ ግን ስፖርቱ ይቅር፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ።

በርጩማው ላይ ገና አልደረስንም። ዝቅ ያለ መቀመጫ ለጭን ከሁሉም ይከብዳል። ከወንበሩ ግን ያለ ትራስ 8 ጊዜ ይነሳሉ። ልጃቸው አሁንም እጇን ዘርግታ ከኋላቸው ትቆማለች።

«አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪ!» ይሏታል።