ቅኝትና ኮርድ በአዲስ አበባ መድረኮች

ዜማን በኮርድ ማጀብ ማለት ከዜማው ሥር አብረው የሚመቱ ድምፆችን መምረጥ ነው። የአገር ቤት ሙዚቃችን በዚህ መንገድ አልተሠራም። ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ነው ያለው፤ አዝማሪው የሚዘፍነውን ያንኑ ዜማ እያስጌጠ ይከተላል። የቤተ ክርስቲያን ዜማም ብዙ ሰው ቢያዜመው ያው አንድ ዜማ ነው።

ኮርድ መሀል አዲስ አበባ የገባው ከናስ መሣሪያዎችና ከፒያኖ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርመናውያን፣ «አርባ ልጆች» የሚባሉት፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ይጫወቱ ነበር። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ከለገሃር ብዙ ሳይርቅ ባለው ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው፣ የአገር ዜማዎችን ለትልቅ ኦርኬስትራ አቀናበረ። ሙላቱ አስታጥቄም ቅኝቶቻችንን፣ ማለትም ዜማዎቻችን የሚሠሩባቸውን ባለአምስት ድምፅ መደቦች፣ ከጃዝ ኮርድ ጋር አገናኘ። ሁሉም የገጠማቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ በአምስት ድምፅ ላይ ምን ኮርድ ይቀመጣል?

ከቅኝቶቹ አንዱን፣ ትዝታ ሜጀርን (ሜጀር ብሩህ፣ ማይነር ደግሞ ሐዘን ያዘለ ድምፅ ያለው ነው) ከዶ እንጀምር፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከነዚህ ብቻ የሚወጡ ባለሦስት ድምፅ ኮርዶች ሁለት ናቸው፤ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር። የጀማሪ ጊታሪስት እጅ ግን ዶ፣ ፋ፣ ሶል ብሎ ለምዷል። ፋ ሜጀር ፋን ይዞ ይመጣል፣ ሶል ሜጀር ደግሞ ሲን። ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ የሉም። አይከለከልም፣ ብዙ ዘፈን ላይም አለ፤ የትዝታው ለዛ ግን ይሳሳል። እኔ የምመርጠው ሲን ትቶ ሶል፣ ዶ፣ ሬን አንድ ላይ መምታት ነው። ክፍት ይሆናል፣ ዘፋኙንም አይጫነውም።

ባቲ ሜጀር ይቀላል። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። ሲ ወደ ዶ ይስባል፣ ሶልና ፋ አብረውት ሲመቱ ደግሞ ሶል ሰቨን የሚባለው ኮርድ ዋና ድምፆች ተሟሉ ማለት ነው። ወደ ቤት፣ ማለትም ዜማው ወደሚያርፍበት ድምፅ፣ መመለሻው እዚያው ቅኝቱ ውስጥ አለ።

ዋናው ፈተና አምባሰል ነው። ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ይሆናል። እነዚህ አምስቱ ከፋ የሚነሳ የትዝታ ማይነር ድምፆች ናቸው! አንዱ እንኳ አይለይም። የሚወጡት ኮርዶች ፋ ማይነርና ሬ ፍላት ሜጀር ናቸው፤ በዶ ላይ ሙሉ ኮርድ አይሠራም፣ ሚ የለማ። ኪቦርዲስቱ ፋ ማይነር ላይ ከተደላደለ አድማጩ ቤቱ ፋ ይመስለዋል። ዘፋኙ አምባሰል እያለ የሙዚቃ ባንዱ ግን ትዝታ ይጫወታል ማለት ነው። ይህን የሚያድነው ቤዙ፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘው ጊታር፣ ነው። ዶና ሶልን ብቻ ይዞ ይቆይ፤ ኪቦርዱ ሬ ፍላት ላይ ወጥቶ ወደዚያው ባዶ ዶ ይመለስ። ያቺ የግማሽ ድምፅ አወራረድ የአምባሰልን ኀዘን ትሸከማለች። በእኔ እምነት ማንኛውም ተጨማሪ ኮርድ ከእሷ አይበልጥም።

አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ተብሎ ይጻፋል። ፋ ሜጀርና ሶል ፍላት ማይነር ይወጡለታል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ማፈራረቁ ጆሮ ይቆረቁራል። ስለዚህ ኮርዱን ትቶ ቤዙም፣ ሳክስፎኑም፣ ኪቦርዱም ያንኑ ዜማ አብረው ቢመቱ ይሻላል። ክራር ካለ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክራር የሚቃኘው በጆሮ ነው፤ ድምፆቹ ከኪቦርዱ ቁልፎች በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ሊሉ ይችላሉ። ረጅም ኮርድ ተይዞ ሲቆይ ያ ልዩነት ወዲያው ይጋለጣል። አጭር ምት ከሆነ ግን ያልፋል።