ጉድጓዱን ጨምሩ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ።

ባለፈው የደመራ ዕለት እዚህ የካ አባዶ ከሰፈር ልጆች ጋር ጉድጓድ ስንቆፍር ነበር። ጭቃው ዶማው ላይ እየተጣበቀ አስቸገረን። ረጅሙ የባሕር ዛፍ ግንድ ጫፉ ላይ መስቀልና አደይ አበባ ታስሮበት አጠገባችን ተጋድሟል። ጉድጓዱ ጉልበት ሲደርስ «በቃ እናቁመው» አልን። አንድ አባት ግን «ገና ነው ልጆቼ፣ ጨምሩ፣ ይወድቃል» አሉን። እኛ እኮ የምናየው ጫፉን ብቻ ነበር።

የጥንት ሕዝቦች ሰማይን፣ ምድርንና የሙታንን ዓለም የሚያያይዝ አንድ ቦታ አለ ብለው ያምኑ ነበር። ሱመራውያን በኒፑር የነበረውን መቅደስ «ዱራንኪ» አሉት፤ የሰማይና የምድር ማሰሪያ ማለት ነው። ባቢሎናውያን እያንዳንዱ ጎኑ 91 ሜትር ገደማ የሆነ ግንብ ከጡብ ቆለሉ። ግሪኮች ዴልፊ ላይ ድንጋይ አስቀምጠው የምድር እምብርት ነው አሉ። በሰሜን አውሮፓም ይግድራሲል ስለሚባል ዛፍ ይተረክ ነበር፤ አንዱ ሥሩ ሙታን ዘንድ ይደርሳል። እኔ አልንቃቸውም። ናፍቆቱ እውነተኛ ናፍቆት ነው፣ ግን ሰው ጡብ ቆልሎ የት ይደርሳል?

ዳዊት በመዝሙር 73 «በምድርም መካከል መድኃኒትን አደረገ» ይላል። አባቶቻችን ይህ ቃል ጎልጎታ ላይ ተፈጸመ ብለው ያስተምሩናል፤ የአዳም አጽም ያረፈውም እዚያው ነው ይሉናል፣ ስለዚህ የጌታ ደም ከመስቀሉ ሲንጠባጠብ የወረደው ዝም ብሎ አፈር ላይ ሳይሆን መጀመሪያ በሞተው ሰው ላይ ነው። ከዚያም በነፍሱ ወደ ሲኦል ወረደ። ጴጥሮስ በወኅኒ ላሉ ነፍሳት እንደ ሰበከላቸው ጽፏል። ጳውሎስም በኢየሱስ ስም የሚንበረከከውን ሲቆጥር «በሰማይና በምድር ከምድርም በታች» ብሎ ሦስቱንም ጠራ።

የንግሥት እሌኒን ደመራ አስቡት። ጢሱ ወደ ሰማይ ወጣ፣ ተመልሶ ሰገደ፣ የሰገደው ደግሞ ቆሻሻ ተከምሮበት ለተቀበረ መስቀል ነው። ከመስከረም 17 እስከ መጋቢት 10 ተቆፈረ። ያን ያህል ታች ነበር!

ይህን የምጽፈው በቅርቡ ለቅሶ ቤት ስለሰማሁት ነገር ነው። ልጇን የቀበረች እናት «እዚያ ታች ብቻውን ጥዬው መጣሁ» እያለች ታለቅስ ነበር። እኔም መልስ አጥቼ ዝም ብዬ ወጣሁ። አሁን ግን ልበልሽ እናቴ፣ ብቻውን አይደለም። ጌታ እዚያ ድረስ ወርዷል።