ስለ አማተር ኳየር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የታላላቅ አቀናባሪዎችን ሥራ በሚያቀርብ አማተር ኳየር ውስጥ ለዓመታት በአልቶ (ዝቅ ባለው የሴቶች ድምፅ) ክፍል ዘምሬያለሁ። «ለምን አትመጡም?» ስላቸው ሰዎች የሚመልሱልኝ ሁሌም ያንኑ ነው።

«ድምፄ አያምርም።» ይህ መልስ ያሳዝነኛል፤ ስንቱን ከደጅ እንደመለሰ አውቃለሁና። ኳየር የሚፈልገው ለብቻው አዳራሽ የሚሞላ ድምፅ አይደለም። የሰማውን ቃና በትክክል መልሶ ማዜም የሚችልና አጠገቡ ያለውን የሚያዳምጥ ሰው ይበቃዋል። መሪን የሚያስቸግረው ለስላሳ ድምፅ ሳይሆን ሌላውን የማይሰማ ጉልህ ድምፅ ነው። አንድ ምሽት በልምምድ ላይ ስምንት አልቶዎች አንዲቷን «አ» በስምንት ዓይነት የአፍ ቅርጽ ስናወጣት ኅብሩ ደፈረሰ። መሪያችን ሙዚቃውን አስቁሞ እሷኑ ብቻ እንድንይዝ አደረገን። «አገጫችሁን አላሉት፤ ጎረቤታችሁን ስሙ» አለን። ጥቂት ቆይቶ የራሴን ድምፅ ከሌሎቹ መለየት አቃተኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«ያን ረጅም ዜማ በአንድ ትንፋሽ መዝለቅ አልችልም።» ማንም አይችልም! የምንተነፍሰው በየተራ ነው። አንዱ አናባቢው ሳያልቅ ድምፁን ቀስ አድርጎ ያጠፋል፣ አየር ይስባል፣ ለስልሶ ይመለሳል፤ ሌሎቹ ይዘው ይቆያሉ። በቃላት መካከል መተንፈስ ሁሉንም ያምረዋል፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ከመተንፈስ እንቆጠባለን። አድማጩ የማይቆረጥ ዜማ ይሰማል።

ስለ ኖታ የሚሳሳቱት በሁለቱም ወገን ያሉ ናቸው። ብዙዎቻችን ስንጀምር ማንበብ አንችልም ነበር፤ በጆሮ አጠናን። ይሁን እንጂ «ጨርሶ አያስፈልግም» ማለትም ልክ አይደለም። እርሳስ ይዞ ወረቀቱን የሚከተል ሰው ዜማው የት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ዓይኑ ቀስ በቀስ ይለምደዋል።

«አማተር ከሆነ ደካማ ነው» የሚሉም አሉ። ለረጅም ጊዜ ተረስቶ የቆየውን የጀርመናዊውን አቀናባሪ የባክን «የማቴዎስ ሕማማት» እ.ኤ.አ. በ1829 በርሊን ላይ በ20 ዓመቱ አቀናባሪ ሜንደልሶን መሪነት ያሰማው የአማተሮች ኳየር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1858 የተመሠረተው ዚንግፌራይን የተባለው የቪየና ኳየርም እስከ ዛሬ ከስመ ጥር ኦርኬስትራዎች ጋር ይዘምራል፤ አባላቱ አማተሮች ናቸው። እኛም አንድን ሥራ ለወራት ስለምናጠናው የኮንሰርቱ ቀን ሲደርስ ዓይናችን ከወረቀቱ ተነሥቶ መሪው ላይ ያርፋል።

«አልቶ የሚሆነው ሶፕራኖ (ከፍ ያለው የሴቶች ድምፅ) ያቃተው ነው» የሚለውን ግን በዝምታ ማለፍ አልችልም። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1791 ሳይጨርሰው በሞተው «ሬኩየም» (የሙታን ቅዳሴ) ውስጥ «ኪርዬ» («ጌታ ሆይ») የሚለውን ክፍል የሚከፍቱት ባሶች፣ ማለትም ዝቅተኛ ድምፅ ያላቸው ወንዶች ናቸው፤ ወዲያው «ክሪስቴ» («ክርስቶስ ሆይ») ብለን የምንገባው እኛ አልቶዎች ነን። ሶፕራኖና ቴነር (ከፍ ያለው የወንዶች ድምፅ) የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው።