ከሞላሰስ ሃይድሮጅን ማብላላት ምንድን ነው?

ሰሞኑን ጎንደር ፒያሳ ቡና ስንጠጣ፣ አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሰው ሞላሰስ የተባለው ወፍራም ጥቁር የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት ሲብላላ «ሙሉ በሙሉ ወደ ሃይድሮጅን ይለወጣል» አሉ። ይህን አባባል ደጋግሜ ስለሰማሁት ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ክሎስትሪዲየም የተባሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን በሌለበት ስኳር ሲያብላሉ፣ ከአንድ ሞል (የሞለኪውሎች ብዛት መለኪያ ነው) ግሉኮስ፣ ማለትም ቀላል ስኳር፣ ቢበዛ 4 ሞል ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ያውም አብሮ የሚፈጠረው አሲድ አሴቲክ ብቻ ሲሆን ነው፤ ቡቲሪክ ከሆነ ወደ 2 ይወርዳል። ግሉኮስ ከውሃ ጋር ሆኖ እስከ መጨረሻው ቢፈርስ 12 ሞል ይሰጥ ስለነበር፣ እጅግ የተሳካው ማብላላት እንኳ ሲሶውን ብቻ ያወጣል፤ የቀረው በአሲዱ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ሲሶውም ቢሆን ያለ ጠባቂ አይገኝም፤ በቤተ ሙከራችን ከእበት የወሰድነውን የባክቴሪያ ዘር ቀቅለን የምንጨምረው፣ ሃይድሮጅኑን በልተው ወደ ሚቴን የሚለውጡት ሞተው ሙቀት የሚቋቋሙት ክሎስትሪዲየሞች እንዲተርፉ ነው።

እኚህ ሰው የሚሉት፣ ጠላ ጠምቆ የጋኑን አረፋ እየለቀሙ ጠላውን እንደመድፋት ነው። ጋዙ አረፋው ነው፤ ጠላው አሲዱ ነው። እርግጥ ምሳሌው እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ ከጋኑ የሚወጣው ጋዝ የእርሾ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንጂ ሃይድሮጅን አይደለም፤ ጠላን አየር ሲያገኘው ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡትም አየር የሚሹ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው። የእኛን «ጠላ» ግን አፍንጫ ይለየዋል፤ የቤተ ሙከራው ጠርሙስ ሲከፈት የቆየ ቅቤ ይሸታል፤ ቅቤ ሲበላሽ የሚሸተውም ይኸው ቡቲሪክ አሲድ ነውና። ሽታው በልብስ ይዞ ቤት ይገባል። ከዚሁ አሲድና ከአልኮል የሚሠራው ኤስተር የተባለ ውህድ ደግሞ አናናስ አናናስ ይላል።

«ተረፈ ምርት» ሲባልም የተጣለ ነገር ማለት አይደለም። ሞላሰስ ክብደቱ ግማሽ ያህል ስኳር ሲሆን፣ በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል (አልኮል) ሲመረትበት ቆይቷል፤ ከብትም ይቀለብበታል። ባጋሱን፣ ማለትም ሸንኮራው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን ገለባ፣ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው በማሞቂያቸው ያነዱታል።

ይህን ሁሉ ስነግራቸው፣ «ታዲያ አሲዱን ለምን አትሸጡትም?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። አሲዱ በብዙ ውሃ የቀጠነ ስለሆነ፣ ማምረቱ ሳይሆን ከውሃው መለየቱ ነው ወጪውን የሚያንረው።